ስለ አእምሮ ጤንነትና ስለሚያውኩት ነገሮች

(ከ11ኛ ክፍል ተማሪ)

ባለፈው ዓመት በሥነ ሕይወት ትምህርት ስለ ሰውነት ክፍሎች ስንማር ሳንባን፥ ልብን፥ ጉበትንና ኩላሊትን እያንዳንዱን ከነሕመሙ ተምረናል። ሳንባን ምን እንደሚያሳምመው፥ ጉበትን ምን እንደሚጎዳው ተጠይቆ የማይመልስ የክፍላችን ተማሪ አይገኝም። ከአንጎል ምዕራፍ በደረስን ጊዜ ግን አንዲት ተማሪ ተነሥታ «ታዲያ አንጎል ሲታመም ምን ይባላል?» ብላ ብትጠይቅ ከወደ ኋላ አንዱ «እብደት!» ብሎ መለሰና ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። መምህራችን ግን አልሣቁም፤ መልሱን አጥንቼ ለጤና ክበባችን እንዳቀርብ አዘዙኝ። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ካቀረብሁት ንግግር የወጣ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና ዐዋቂዎችን የጠየቅሁትን ጨምሬበታለሁ።

በመጀመሪያ የአእምሮ ጤንነት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን ሲተረጉም በሽታ አለመኖርን ብቻ አይጠቅስም። ሰው በኑሮው የሚያጋጥመውን ውጣ ውረድ ሲቋቋም፥ ችሎታውን ዐውቆ በሚገባ ሲማርና ሲሠራ፥ ለሚኖርበትም ማኅበር የሚጠቅም ሲሆን አእምሮው ጤነኛ ነው ይላል። እንግዲህ በዚህ ትርጓሜ መሠረት ማዘን በሽታ አይደለም። እናቱ የሞተችበት ልጅ ቢያለቅስ፥ ፈተና የወደቀ ተማሪ አንድ ሳምንት አንገቱን ቢደፋ፥ ይህ የጤነኛ ሰው ጠባይ ነው። ሐኪም የሚጠይቀው ኀዘኑ ወይም ፍርሃቱ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፥ ከመብላትና ከመተኛት፥ ከትምህርትና ከሥራ ምን ያህል እንዳገደው ነው። አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ልቡ ከብዶት፥ ድሮ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቶበት፥ እንቅልፉም ምግቡም ተዛብቶ ከሰነበተ፥ ይህ ኀዘን ብቻ ሳይሆን ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ስለዚህ ነገር ስንነጋገር የሚያስቸግረን አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የስም ጉዳይ ነው። ሆዱን ያመመው ሰው «ቁርጠት ነው፥ ቃር ነው፥ ተቅማጥ ነው» ብሎ ሕመሙን ለይቶ ይናገራል። አእምሮውን ለታመመ ሰው ግን በአደባባይ የምንሰጠው «እብድ» የሚል አንድ ስም ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ በዝግታ የሚነገሩ ሌሎች ስሞች አሉ። «ለክፎት ነው»፥ «ዐይን በልቶት ነው»፥ «ዛር አለበት»፥ «ቀልቡ ተገፎ ነው»፥ «መተት ተደርጎበት ነው» ይባላል። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚህን ቃላት በቀላሉ ልናልፋቸው አይገባም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስም በውስጡ የሕመሙን ምክንያትና የሕመምተኛውን መንገድ ይዟል። ዐይን ነው የተባለው ወደ አንዱ፥ ዛር ነው የተባለው ወደ ሌላው፥ መተት ነው የተባለው ወደ ሦስተኛው ደጃፍ ይወሰዳል። ሐኪም ቤቱ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ደጃፍ ነው። ከዚያም ሲደርስ ሕመሙ ሥር ሰዷል።

ስለ ሕመሞቹ ዐይነት ብዙ አልናገርም። በዓለም ላይ በብዛት የሚገኙት ድባቴና ጭንቀት ናቸው። ጽኑ ከሚባሉት መካከል ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበትና ያልሆነውን ሆነ ብሎ አጥብቆ የሚያምንበት ስኪዞፍሬንያ፥ እንደዚሁም ሰው አንድ ሰሞን ያለ መጠን ተደስቶ፥ እንቅልፍም ሳይሻ ገንዘቡን ሲበትን ሰንብቶ በሌላ ሰሞን በትካዜ የሚወድቅበት ባይፖላር የሚባለው ሕመም ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በአንድ ወይም በሌላ ዐይነት የአእምሮ መታወክ ውስጥ እንደሚኖሩ አስታውቋል።

እዚህ ላይ ከአርእስቴ ጥቂት ወጣ ብዬ ስለሚጥል በሽታ አንድ ቃል ልናገር። የሚጥል በሽታ እብደት አይደለም፤ በአንጎል ውስጥ የሚተላለፈው የኤሌክትሪክ መልእክት ለአጭር ጊዜ ሲዛባ የሚመጣ የነርቭ ሕመም ነው። በመንካትም አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራ እሳት ዳር የወደቀውን ሰው የሚያነሣው ጠፍቶ የተቃጠለ ብዙ ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ከእሳትና ከስለት ማራቅ፥ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር ማድረግ፥ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛት ነው፤ በአፉም ምንም ነገር አለማስገባት። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወደ ሐኪም ቤት ፈጥኖ መውሰድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። አእምሮን የሚያውከው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለልዩ ልዩ ሰዎች አቅርቤ ነበር። አንዳንዱ «ከዘር ነው» አለኝ፤ አንዳንዱ «ከሐሳብ ብዛት ነው» አለኝ፤ ጫት ነው ያለኝም አለ። ካነበብሁት እንደተረዳሁት ግን ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ትክክል አይደለም፤ አንዱም ደግሞ ፈጽሞ ስሕተት አይደለም።

ከዘር እንጀምር። ስኪዞፍሬንያ በማናቸውም አገር ከ100 ሰው በሕይወት ዘመኑ አንዱን ያህል ይይዛል ተብሎ ይገመታል። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንደኛው ቢታመም ግን ሌላኛው የመታመሙ ዕድል ከ100 ከ40 እስከ 50 ይደርሳል። እንግዲህ ከአንድ ወደ 40 መውጣቱ ዘር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ያስረዳል። ነገር ግን እነዚህ መንትዮች በዘር ረገድ እንደ አንድ ሰው የሚቆጠሩ ስለሆኑ ሕመሙ ከዘር ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 100 መሆን ነበረበት። የቀረው ከግማሽ የሚበልጠው ከወዴት መጣ? ከኑሮ፥ ከአስተዳደግ፥ ከአካል ጉዳትና ከአጋጣሚ ነው። ስለዚህ በጋብቻ ጊዜ «በዘራቸው እብድ አለ» እየተባለ ስንት ቤተ ዘመድ የሚገለልበት ወሬ ከሒሳቡ ጋር የማይስማማ መሆኑን አንባቢ ይፍረድ። ወላጁ ታማሚ የሆነ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሚበዙት አይታመሙም።

ሁለተኛው የሥጋ ነገር ነው። አንጎል ከደሙ ተለይቶ የሚኖር ነገር አይደለም። በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲቀንስ ሰው ይዝላል፥ ይተክዛል፥ ነገር ይረሳል፤ ለሚያየው ሰው ድባቴ ይመስላል። ሥራው ሲበዛ ደግሞ ይጨነቃል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ እንቅልፍ ያጣል። ወባ ወደ አንጎል ሲወጣ ያስቀባዥራል። የደም ማነስ ድካሙ እንደ ስንፍና ይቆጠራል። የወለደች እናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልቧ ከመጠን በላይ ቢከፋ ወይም ነገር ቢቀላቀልባት፥ «ብርድ መታት» ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ጥሩ ሐኪም በመጀመሪያ ደም የሚመረምረው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የኑሮ ጫና ሲሆን በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «ሐሳብ እንዴት አድርጎ ሥጋን ያሳምማል?» የሚለው ጥያቄ እኔንም ሲያስጨንቀኝ ቆይቶ ነበር። አንድ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ጅብ ቢያጋጥመው ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይልካሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፥ ደም ወደ እግርና ክንድ ይሮጣል፥ የሆድ ሥራ ይቆማል፥ እንቅልፍ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ሰውየው እንዲሮጥ ወይም ዱላውን እንዲያነሣ የሚረዳ የተፈጥሮ ጥበብ ነው። ጅቡ በሄደ ጊዜ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ ሰውነታችን ጅብንና የቤት ኪራይን ለይቶ አለማወቁ ነው። የቤት ኪራይ፥ የባል ስካር፥ የአባት ዕዳ፥ የብሔራዊ ፈተና እነዚህን ዕጢዎች ይቀሰቅሳሉ፤ ግን እንደ ጅቡ በጥቂት ደቂቃ አይሄዱም። ለወራት የሚፈስ ኮርቲሶል እንቅልፍን ያዛባል፥ ማስታወስን ያደክማል፥ ትካዜን ያስከትላል። ስለዚህ ድኻ ከሀብታም ይልቅ፥ ስደተኛ በአገሩ ካለው ይልቅ፥ ጦርነት ያየ ካላየው ይልቅ የሚታመምበት ምክንያት ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ጅቡ ከደጃፉ ስለማይርቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ በተመለሱ ጊዜ ከመካከላቸው የአእምሮ ሕክምና የሚያሻቸው ነበሩ። በሰው ቤት ያለ ዕረፍት መሥራት፥ ደመወዝ መከልከል፥ መደብደብ፥ ከዚያም ባዶ እጅን ወደሚጠብቅ ቤተ ሰብ መመለስ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል በነበረው ጦርነት ያለፉ ሰዎችም ሌሊት እየባነኑ መነሣታቸው ፍርሃቱ ከነገሩ በኋላ በሰውነት ውስጥ ስለሚቀር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ተማሪዎች ልምጣ። ፈተና ሲደርስ ጫት እየቃሙ ሌሊቱን የሚያነጉ ተማሪዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ሲሆን አንጎልን ለጥቂት ሰዓት ያነቃል። ምርቃናው ሲያልፍ ግን ድብርት ይመጣል፥ እንቅልፍ እምቢ ይላል፥ ሲተኙም ዱካክ ያስጨንቃል። በዘሩ ወይም በኑሮው ለጽኑ የአእምሮ ሕመም የተጋለጠ ወጣት ብዙ በሚቅምበት ጊዜ ሕመሙ ሊቀሰቀስበት፥ የዳነውም ሊያገረሽበት ይችላል። ካናቢስ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አረቄ ለጊዜው ጭንቀትን ያስረሳ ይመስላል፤ ግን ውሎ አድሮ ያንኑ ትካዜ ያጠነክረዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ሁሉ የሚደረገው ለማስታወስ ተብሎ መሆኑ ነው። በቀን ያጠናነው ነገር በአንጎል ውስጥ የሚጸናው በምንተኛበት ሰዓት ነው። በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው የእንቅልፍ ዐዋቂዎች የሚያዙት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ሌሊቱን በሙሉ ያነበበ ተማሪ ውኃ በወንፊት የቀዳ ያህል ነው። ስለ ስልክም ብዙ ተብሏልና አልደግመውም፤ ማታ ከትራስ ሥር ባይቀመጥ ይሻላል።

ወላጆችን ቅር አሰኛለሁ ብዬ ሳልፈራ አንድ ነገር ልጨምር። በልጅነት በተደጋጋሚ የተደበደበና የተዋረደ ልጅ ካደገ በኋላ ለድባቴና ለጭንቀት ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ በብዙ አገር ተጠንቶ የታወቀ ነው። «ልጅን ካልገረፉ» የሚሉ አሉ፤ እኔም ቅጣት ሁሉ ይቅር አልልም። ነገር ግን ልጅን በጎረቤት ፊት «አንተ የማትረባ» ማለት በርበሬ ከማጠን የሚያንስ ቅጣት አይደለም።

ስለ ምክንያቶቹ ይህን ያህል ካልሁ ይህ ነገር እኛን ለምን ይበልጥ እንደሚመለከተን ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና 192 ጥናቶችን ያሰባሰበ ምርመራ የአእምሮ ሕመም በስንት ዓመት እንደሚጀምር ቈጥሮ ነበር። ከታመሙት ሰዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት 14 ዓመት ሳይሞላቸው፥ ግማሽ ያህሉ 18 ሳይሞላቸው፥ ከ100 62 የሚሆኑት ደግሞ 25 ሳይሞላቸው ጀምሯቸዋል። የልብና የስኳር በሽታ በብዛት የሚጠብቁት አባቶቻችንን ነው፤ ይህ ሕመም ግን የሚጠብቀው በዚህ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጥነውን ነው። ከዚህ የተነሣ ሕመሙን በመጀመሪያ የሚያየው ሐኪም አይደለም፤ ብዙ ጊዜም አባትና እናት አይደሉም። አብሮ ጠረጴዛ የሚጋራ ተማሪ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረኝ። ስሙን አልጽፍም፤ ይህን ክፍል ከመታተሙ በፊት እንዲያነበው ሰጥቼው ሁለት መስመር ሰርዞ የቀረውን ፈቅዶልኛል። በመስከረም በጂኦሜትሪ ከክፍላችን የሚበልጠው አልነበረም። በጥቅምት ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ወደ ቤት ይመልስ ጀመር። በኅዳር ጽሕፈቱ እያነሰ እያነሰ ሄዶ እንደ ጤፍ ደቀቀ፤ በዕረፍት ሰዓት ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቆማል፤ ኳስ አይጫወትም። አንድ ቀን በጆሮዬ «ሬዲዮው ስሜን ይጠራል፤ አንተም ትሰማዋለህ?» አለኝ። ልጆቹ «ፈላስፋው» የሚል ስም አወጡለት። እኔ ነገሩን ለክፍላችን ኃላፊ መምህር ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም አባቱን አስጠሩ።

አባትየው በሠፈራችን የተከበሩ አናጢ ናቸው። «ልጄ አንደኛ ስለወጣ ዐይን በልቶት ነው» አሉ። ከጥምቀት በኋላ ሩቅ ወደሆነ ጠበል ወሰዱት፤ እዚያም ከሁለት ወር በላይ ተቀመጠ። ሌሊት እየተነሣ ይሮጥ ስለነበር እግሩን በሰንሰለት አሰሩት። የቁስሉ ምልክት ዛሬም አለ። ለፋሲካ ከሌላ ከተማ የመጣች አክስቱ ነርስ ናትና ባየችው ጊዜ አልቅሳ በማግሥቱ ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። ደሙ ተመረመረ፤ ከዚያ መድኃኒት ታዘዘለት። በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ እየራቀ ሄደ፤ በሁለተኛው ወር ከእኔ ጋር ዳማ ተጫወተ።

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ስምንት ወር ነው። አባቱን አልወቅስም። ለመንገድ፥ ለስንቅና ለጧፍ ያወጡት ገንዘብ ለሆስፒታሉ ካወጡት ይበልጣል፤ ልጃቸውን የሚያድን ነገር ሲፈልጉ አንድ ቀን አልተኙም። ያዘገያቸው የተሰጠው ስም ነው። አክስቱም ከአባቱ ጋር አልተጣላችም። የቤተ ሰቡን የንስሐ አባት ጠርታ «ጠበሉን እየጠጣ ኪኒኑን ቢውጥ ኃጢአት ነው ወይ?» ብላ በአባቱ ፊት ጠየቀቻቸው። «መድኃኒትንም የፈጠረ እርሱ ነው፤ ሁለቱንም ይውሰድ» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ይህ አነጋገር አዲስ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ የተያዙ ምእመናን ጠበልና መድኃኒትን አንድ ላይ እንዲወስዱ በአደባባይ መምከራቸው ይታወሳል።

መድኃኒቱ ያለ ጣጣ አልነበረም። በመጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጥና ብዕር መያዝ ያቅተው ነበር፤ በክፍልም ያንቀላፋል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። እርሱ ግን ለሐኪሙ ስለተናገረ መጠኑ ተቀነሰለት፥ ሌላ ኪኒንም ተለወጠለት፤ መንቀጥቀጡም ተወው። ክፍል ደግሞ ዛሬ ከእኔ አንድ ክፍል ወደ ኋላ ይማራል፤ በጂኦሜትሪ አሁንም እኔ ነኝ የምጠይቀው።

እንዲህ ያለው መዘግየት የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ በአገራችን የተደረገ ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነበር። በጽኑ የአእምሮ ሕመም የተያዙ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ተገኙ፤ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሮበርት ጊል የተባሉ የሆላንድ ሐኪም በአገራችን ሲሠሩ የአእምሮ መታወክ በትንሽ ከተማም በገጠርም መኖሩን አጥንተው ጽፈዋል። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፥ የከተማ በሽታ ነው» የሚለው ቃል ከተሻረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል።

መዘግየቱ የሕዝብ ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ የሐኪም እጥረትም ነበር። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን ከተቋቋመ ጀምሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከጎንደርም ከሐረርም ታማሚ ታስሮ በአውቶቡስ የሚመጣው ወደዚያ ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችም በጣት የሚቈጠሩ ሆነው ሁሉም የሚሠለጥኑት በውጭ አገር ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ከዚህም በቀር በአገራችን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አንድ የሚያስደስት ነገር አሳይቷል። በጤና ጣቢያ ያሉ ሠራተኞች ለዚሁ ሥልጠና አግኝተው ጽኑ ሕመምተኞችን ሲከታተሉ፥ ታማሚዎቹ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚታከሙት ያነሰ ውጤት አላገኙም። እንግዲህ ለሕክምና የግድ አዲስ አበባ መድረስ አያስፈልግም ማለት ነው።

መድኃኒቶቹም ቢሆኑ የሩቅ ዘመን ነገሮች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1949 ጆን ኬድ የተባለ የአውስትራልያ ሐኪም ሊቲየም የሚባል ጨው ለባይፖላር ሕመም እንደሚጠቅም ጻፈ፤ በ1952 ደግሞ በፓሪስ ዣን ደሌና ፒየር ዴኒኬር ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን መድኃኒት ለጽኑ ታማሚዎች መስጠት ጀመሩ። ከዚያ በፊት በአውሮፓም ሕመምተኛ የሚታሰርበት ሰንሰለትና የሚቆለፍበት ቤት እንደነበረ ስናስታውስ ስለ እኛ ሰንሰለት ብቻ አናፍርም። አያቴ ስትወለድ እነዚህ መድኃኒቶች በየትም አገር አልነበሩም።

የድባቴ መድኃኒት በማግሥቱ አይሠራም፤ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ብዙዎች «አልረዳኝም» ብለው በሳምንቱ ይጥሉታል። ቀለል ላለው ድባቴ ደግሞ ያለ ኪኒንም ከሠለጠነ ሰው ጋር በየሳምንቱ ተቀምጦ መነጋገርና ችግርን በየተራ መፍታት፥ በየቀኑ ጥቂት መራመድ፥ ከሰው አለመለየት ይረዳሉ። በዚህ ረገድ አገራችን ድኻ አይደለችም። የቡና ጠጪ ጎረቤት፥ ማኅበር፥ ዕድር አለን፤ ለቀብር የሚወጣው ሰው ሁሉ ለታመመ ሰው ቤትም ጎራ ቢል ምን ይከብደዋል?

ስለ አንድ አስፈሪ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዓለም ጤና ድርጅት ቈጠራ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 727 ሺህ ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 በሆኑት ዘንድ ይህ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ጓደኛችሁ «ምነው በሞትሁ» የሚለውን ቃል ከልቡ ደጋግሞ ቢናገር፥ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ቢጀምር፥ ዝም አትበሉ። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ አያስገባም፤ ዐዋቂዎች እንደሚሉት ጭንቀቱን ያቀልለታል። ከዚያ ብቻውን አለመተው፥ መርዝነት ያለውን ነገር ሁሉ ከቤት ማራቅ፥ በዚያው ቀን ለታላቅ ሰው ነግሮ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ቢያስምላችሁም ንገሩ።

በመጨረሻ ብዙ ተማሪዎች ስለሚጠይቁኝ ነገር ልጻፍ። በጤና ጣቢያ ምን ይደረጋል? እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ ካርድ ይወጣል። የሚመረምረው ባለሙያ ስለ እንቅልፍ፥ ስለ ምግብ፥ ስለ ትምህርት፥ ስለ መጠጥና ጫት ይጠይቃል፤ በቤተ ሰብ የታመመ እንዳለም ይጠይቃል። አብሮ የሚሄድ ሰው ለውጡ በየትኛው ወር እንደጀመረ አስቀድሞ በወረቀት ቢጽፍ ምርመራው ይፈጥናል፤ የጓደኛዬ አክስት ከእኔ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። ታማሚው ብቻውን መነጋገር ከፈለገ ሌላው ሰው ወደ ውጭ ይወጣል። በመዝገብ ቤት በኩል «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ቢኖርና ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ «እንቅልፍ አጥቼ ነው» ማለት ይበቃል፤ የቀረው ለሐኪሙ በር ተዘግቶ ይነገራል።